እግር የሚውጠው ግቢ

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ፣ ገላን ላይ አዲስ ቤት የሠራ ሰው አንድ ነገር ይገጥመዋል። ክረምቱን ሙሉ “ጭቃ ነው” ብሎ ያለፈው ግቢ ከዳር እስከ ዳር መድረቅ ሲጀምር፣ አንዲት ቦታ አልደርቅም ትላለች። ሁለት ሦስት እርምጃ ብትሆን ነው፤ አጥሩ ጥግ ወይም ከኩሽናው ጀርባ። ሣሩ እዚያ ላይ ከሌላው ይልቅ ይለመልማል። እግር ሲያርፍባት እንደ ፍራሽ ትሰረጉዳለች፣ እግር ሲነሳ ቀስ ብላ ትመለሳለች። ልጆች ይዘሉባታል። አባት ግን ቆም ብሎ ያያታል፤ አምና ያቆመው የአጥር ቋሚ ወደዚያው ዘንበል ማለቱንም ልብ ይላል።

የመጀመሪያው መፍትሔ የታወቀ ነው፤ አንድ ሲኖ ገረጋንቲ ማስገልበጥ። ገረጋንቲው ለአንድ በጋ ያምራል። በሚቀጥለው ክረምት ሰርጎ ይገባና ቦታዋ እንደገና ትለሰልሳለች። ሌላ ገረጋንቲ ይታዘዛል። ሰው ከድጡ ወደ ማጡ የሚገባው እንዲህ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ልስላሴ ዘንድሮ የመጣ አይደለም። ቤቱም አጥሩም የይዞታ ካርታውም ሳይኖሩ እዚያው ነበር። መነሻውን የሚፈልግ ሰው ከቤቱ ዕድሜ በፊት ስለነበረው መሬት መጠየቅ አለበት።

ገላን ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ፣ ከአቃቂ ቀጥሎ የሚገኝ ከተማ ነው። ስሙ ከቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች የአንዱ ስም ነው። በ2015 ዓ.ም. እንደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሁሉ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃሏል። በምሥራቅ በኩል የረር፣ በደቡብ በኩል ዝቋላ ይታያሉ፤ ሁለቱም የጥንት እሳተ ገሞራዎች ናቸው። በመካከል የተዘረጋው ሜዳ፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለብዙ ሺህ ዓመታት እየበሰበሰ፣ ጎርፍም ደቃቁን እያጠበ ወደ ዝቅታው ያወረደው ጥቁር ሸክላ ነው። ሸዋ ውስጥ መረሬ ይሉታል። በኦሮምኛ ኮትቻ ነው። ወደ ወሎና ወደ ሰሜን ሲኬድ ዋልካ ይሆናል። የግንባታ ሰዎች ደግሞ “ብላክ ኮተን” ማለት ይቀናቸዋል፤ ጥጥ በማይበቅልበት ገላን ይህ ስም የገባው ከሕንድ ነው፤ እዚያ ይኸው ዓይነት አፈር የታወቀው በጥጥ ማሳነቱ ነበርና።

የአፈር ባለሙያዎች ያወጡለት ስም ቨርቲሶል ነው፤ “መገልበጥ” ከሚል የላቲን ቃል የተገኘ። ስሙ የአፈሩን ጠባይ በትክክል ይናገራል። በውስጡ ያለው ስሜክታይት የተባለ የሸክላ ማዕድን እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ እጅግ ስስ ንጣፎች አሉት። ዝናብ ሲመጣ ውሃ በንጣፎቹ መካከል ይገባና አፈሩ ያብጣል፤ በጋ ሲመጣ ውሃው ይወጣና አፈሩ ይሰነጠቃል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ባልተነካ የመረሬ ማሳ የሚሄድ ሰው ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያያል፤ ጥልቀቱ አንድ ሜትር የሚደርስበትም አለ። ከላይ ያለው ደቃቅ አፈር ወደ ስንጥቁ ይረግፋል። ክረምት ሲገባ ሥሩ እንደገና ያብጣል፣ ግን የሚያብጥበት ቦታ በረገፈው አፈር ተይዟልና ወደ ላይ ይገፋል። በዚህ ዑደት አፈሩ ዓመት ከዓመት ራሱን በራሱ ይገለብጣል። ከሥር ያለው ድንጋይ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቋሚ ይዘምማል፤ ሜዳውም ትንንሽ ጉብታና ትንንሽ ጎድጓዳ ያበጃል። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ለነዚህ ጎድጓዶች “ጊልጋይ” የሚል የራሳቸው ቃል አላቸው፤ የዓለም ሳይንስም ይህንኑ ቃል ተውሶ ይሠራበታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለው አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንደሚሸፍን ይገመታል። ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ያህሉ በደጋውና በወይናደጋው ነው። በአፍሪካ ከሱዳንና ከቻድ ቀጥላ ሦስተኛዋ ኢትዮጵያ ናት። የሱዳን ድርሻም ቢሆን ከኛ የራቀ አይደለም፤ የገዚራ ጥቁር ሸክላ አባይ ከኢትዮጵያ ተራሮች እያጠበ ያወረደው ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 የሴናር ግድብ ተጠናቆ ሰፊው የጥጥ እርሻ ሲስፋፋ የተዘራው በዚያ አፈር ላይ ነበር። የሱሉልታ ሜዳ ውሃ በሙገር በኩል እስከ ዛሬ ወደ አባይ ይወርዳል። የገላን ውሃ ግን በአቃቂ አድርጎ ወደ አዋሽ ስለሚገባ፣ ጭቃው አገር ውስጥ ይቀራል።

መሬቱን ቀድመው የሚያውቁት ሰዎች ጠባዩን ስም ላይ ጽፈውት ሄደዋል። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ ቀይና ከፍ ያለ መሬት ውሃ አይዝም፣ ጎጆ ይችላል። በተቃራኒው ለገጣፎና ለገዳዲ “ለገ” የሚለውን የወንዝ ስም ይዘዋል። ጨፌ ደግሞ አማርኛውም ኦሮምኛውም የሚጋሩት ቃል ነው፤ ውሃ ያዘለ፣ ሣሩ የማይጠወልግ ረግረጋማ መስክ። በጨፌ ላይ ቤት አይሠራም ነበር። ከብት ይግጥበታል፣ ድርቆሽ ይታጨድበታል፣ ከዚያም በላይ ሕዝብ ይሰበሰብበታል። በገዳ ሥርዓት ሕግ የሚወጣው ለምለም መስክ ላይ ነበርና፣ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ዛሬም ጨፌ ኦሮሚያ ይባላል። ከገላን ብዙም ሳይርቅ፣ ዱከም አጠገብ ያለው ኦዳ ነቤ የቱለማ ገዳ ማዕከል ነው። ለእግር የሚለሰልስ መሬት በዚህ አገር የተናቀ መሬት አልነበረም ማለት ነው። ቤት የማይሠራበት፣ ግን ሁሉም የሚገናኝበት የጋራ መሬት ነበር።

አራሹ ደግሞ በሌላ በኩል ያውቀዋል። መረሬ ሀብታም አፈር ነው፤ የአዳ ማኛ ጤፍ ስሙ የገነነው በዚሁ አፈር ላይ በቅሎ ነው። ነገር ግን ለገበሬው የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። በጋ ላይ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ማረሻ አይነካውም። ሐምሌ ላይ ደግሞ በሬው እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል፤ ሞፈሩና ቀንበሩ በጭቃ ይያዛል። መሬቱ የሚታረሰው በሁለቱ መካከል ባሉ ጥቂት ቀናት ነው። ስለዚህ የመረሬ ገበሬ ዝናቡን ከመሻማት ይልቅ ማሳለፍን መረጠ። ክረምቱ ሲያባራ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ሁለቱም ዝናብ ሳያዩ፣ አፈሩ አምቆ ባስቀረው እርጥበት ብቻ እስከ ጥር ይደርሳሉ። ያ ግቢውን የሚያለሰልሰው ውሃ ለአራሹ የተቀማጭ ገንዘብ ያህል ነበር።

ውሃውን ለማሸነፍ የተሞከረም አለ። ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ላይ ገበሬው ከነቤተሰቡ ማሳው ውስጥ ገብቶ በእጁ አፈር እየዛቀ ሰፋፊ መደብና በመካከሉ ቦይ ያበጃል። ዘሩ መደቡ ላይ ይቀመጣል፣ ውሃው በቦዩ ይወርዳል። ጎንበስ ብሎ ጭቃ ሲዝቅ የሚውል ወገብ ምን እንደሚል የሠራው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1986፣ ኢልካ በሚል ምኅጻር ይታወቅ የነበረው፣ መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከግብርና ሚኒስቴርና ከሌሎች የምርምር ተቋማት ጋር በጥቁር አፈር ላይ አንድ ፕሮጀክት ጀመረ። ተመራማሪዎቹ የእነዋሪን የእጅ ሥራ አይተው፣ ሁለት የአገር ማረሻ አንድ ላይ አያይዘው በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠሩ። መደቡ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ በኢትዮጵያ የግብርና ታሪክ ውስጥ ከሚገባው በታች የተነገረለት ሥራ ነው፤ ምርምሩ የጀመረው ገበሬው ከደረሰበት ቦታ ነበርና።

ከሱሉልታ አልፎ በሰላሌ፣ እንዲሁም በሸኖ ደጋ ደግሞ ጓይ የሚባል ዘዴ አለ። ለዓመታት ያደረ መሬት ይታረስና ሣር ያለበት ጓል ከኩበት ጋር በትንንሽ ክምር ይሰበሰባል፤ ከዚያ እሳት ይለኮስበታል። ቀናት ሙሉ ሲጨስ ይቆያል። የተቃጠለው ሸክላ ሙጫነቱን ያጣና እንደ አሸዋ ይፈረፈራል፣ ውሃም አይዝም፣ ገብስም ያበቅላል። ጉዳቱ ግን ከባድ ነው፤ የአፈሩ ብስባሽ አብሮ ይነድዳልና ከአንድ ሁለት ምርት በኋላ መሬቱ ለብዙ ዓመት መጾም አለበት።

ከተማው ወደዚህ አፈር የመጣው ቀስ ብሎ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርዳ ፍልውሃ አጠገብ ስትቆረቆር፣ የደቡቡ ጥቁር ሜዳ ገና የእርሻና የግጦሽ ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ባሕር ዛፍ ገባ። በቡራዩና በሱሉልታ ተዳፋት፣ በየጨፌው ዳርም ተተከለ። ውሃ ያለልክ ይጠጣል፤ ረግረጉን ያደርቃል፣ ምንጩንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1913 ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ እንዲነቀል የሚል አዋጅ እስከ መውጣት ተደርሶ ነበር፤ የነቀለ ሰው ግን ብዙም አልነበረም፤ ከተማው ማገዶና ማገር ይፈልግ ነበርና። ይህ ለዛሬው ግቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአንድ ወቅት ባሕር ዛፍ የቆመበት ቦታ ሥሩ ውሃውን ሲስብ አፈሩ ይኮማተራል። ዛፉ ተቆርጦ ሲያልቅ ውሃው ይመለሳል፣ አፈሩ ያብጣል። ጉቶው ደግሞ እየበሰበሰ ከሥር ባዶ ይተዋል።

የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1917 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው በፍጥነት ይነገራል፤ አቃቂ የፋብሪካ ሰፈር ሆነ፣ አስፋልቱ ዳር መጋዘኖች ተደረደሩ፣ ፋብሪካው ወደ ገላንና ዱከም ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ አዳማ የሚወስደው 84.7 ኪሎ ሜትር የፍጥነት መንገድ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከሰበታ ተነስቶ በእንዶዴ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ተመረቀ። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ከባድ ነገር የሚሠራ መሐንዲስ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፤ ጥቁሩ አፈር ተቆርጦ ይጣላል፣ በምትኩ የማያብጥ አፈርና ጠጠር በንብርብር ተነጥፎ በሮለር ይጠቀጠቃል። የግለሰብ ግቢ ላይ ግን ይህን የሚያሟላ ጥቂት ነው። ቤቱ ሥር ያለው ይቆረጣል፤ ግቢው ላይ ቀይ አሽ ይበተናል፣ ሳይጠቀጠቅ ይታለፋል። ቀይ አሹ የሚመጣው ከዱከምና ከቢሾፍቱ አካባቢ ጉብታዎች ነው። ያ የእሳተ ገሞራ ጠጠር በመረሬው ላይ ሲፈስ፣ ከተመሳሳይ እሳት የወጡ ሁለት አፈሮች እንደገና ተገናኙ ማለት ነው፤ አንዱ ውሃ ያሳልፋል፣ ሌላው ይይዛል።

እዚህ ላይ ስለ ገላንና አቃቂ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ከጥቁሩ ሸክላ ብዙ ሜትር በታች፣ ያው ቀይ ቀዳዳማ ድንጋይ ውሃ ተሞልቶ ይገኛል። የአዲስ አበባ አንድ ትልቅ የመጠጥ ውሃ ምንጭ የሆኑት የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚስቡት ከዚያ ነው። በግቢው ላይ የሚታየው ውሃ ከዚያ የወጣ አይደለም። ወደዚያ መውረድ ያቃተው የዝናብ ውሃ ነው፤ ሸክላው አላሳልፍም ብሎታል።

ታዲያ ሙሉው ሰፈር መረሬ ከሆነ፣ አንዲት ቦታ ብቻ ለምን ትለሰልሳለች?

መሬቱን የሚመረምር ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ቁራጭ 12 ቁጥር ፌሮ ነው። ፌሮውን ለስላሳዋ ቦታ ላይ በእጅ ይጫናል። ሳይቋረጥ፣ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ እኩል ከሄደ፣ ከላይ እስከ ታች ውሃ የጠገበ ሸክላ ነው። ጥቂት ሄዶ ድንገት ከቀለለና ባዶ ነገር ውስጥ እንደወደቀ ከተሰማ፣ ከሥር ክፍተት አለ። ከተንገጫገጨና ከተሰናከለ ፍርስራሽ የተሞላ ጉድጓድ ነው። ፌሮው ሲወጣ ጫፉ ላይ የቀረው ጭቃ ይታያል፣ ይሸተታል። መረሬ ንጹሕ ሲሆን ከዝናብ በኋላ ያለውን የመሬት ሽታ ይሸታል፤ በጣት መካከል ሲዳመጥ ሳይቆረጥ እንደ ክር ይረዝማል። አመድ ያለበት ጭቃ ግን አይረዝምም፤ ግራጫ ነው፣ ይፈረፈራል።

አመድ ከተገኘ ቦታው የድሮ አመድ መድፊያ ነው፤ እዚያ አካባቢ ጎጆ ነበረ። ጥቁር ቡናማ፣ ቀለል ያለ፣ ትል የበዛበት አፈር ከሆነ የከብት በረት ሳይሆን አይቀርም። በረት የነበረበት መሬት ዓመታት ካለፉም በኋላ ልስልስ ነው፣ ሣሩም ያስታውቃል። የፍርስራሽ ጉድጓድ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤቱ ሲሠራ የሠራተኞች ሽንት ቤት ሆኖ ያገለገለው ነው፤ ሥራው ሲያልቅ የብሎኬት ስብርባሪና የሲሚንቶ ከረጢት ተጥሎበት፣ ላዩ አንድ ክንድ አፈር ለብሶ ተረሳ። ይህኛው አደገኛ ነው፤ ልጆች ከሚዘሉበት ቦታ ሥር መሆን የለበትም። ተቆፍሮ መውጣት፣ በንብርብር መሞላት፣ እያንዳንዱ ንብርብር መጠቅጠቅ አለበት።

ፌሮው እኩል ከሄደና ሸክላ ብቻ ከሆነ፣ ጥያቄው ውሃው ከየት መጣ የሚለው ይሆናል። አሸንዳው የት እንደሚያፈስ ማየት ነው። የጣሪያ ውሃ በአንድ ማዕዘን ወርዶ በአንድ ቦታ ከተጠራቀመ፣ ያ ቦታ ከሌላው ግቢ ብዙ እጥፍ ዝናብ ተቀበለ ማለት ነው። ቀጥሎ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግቶ የውሃ ቆጣሪው ፊት መቆም ነው። ሁሉም ተዘግቶ ቆጣሪው ከዞረ መሬት ውስጥ የሚያፈስ መስመር አለ። መረሬ ላይ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በጋ ላይ ሲሰነጠቅ ቧንቧውን ይጎትታል፣ ክረምት ላይ ሲያብጥ ይገፋዋል፣ መጋጠሚያው ይለቃል። የሴፕቲክ ታንኩም ግድግዳ በዚሁ ይሰነጠቃል።

ይህ ሁሉ ታይቶ መልስ ከጠፋ፣ ቦታው ከመጀመሪያውም ጎድጓዳ ሊሆን ይችላል፤ የማሳው ውሃ መውረጃ ቦይ፣ ወይም ያ ራሱን የሚገለብጥ አፈር ያበጀው የተፈጥሮ ጎድጓዳ። ዶዘር ላዩን ደልድሎታል፣ ሥሩን ግን አልነካውም። ውሃው የሚያውቀው የድሮውን መንገድ ነው፤ አጥር መታጠሩን አያውቅም። እንዲህ ያለውን ቦታ በገረጋንቲ መድፈን ውሃውን ወደ ጎረቤት ወይም ወደ ቤቱ መሠረት መግፋት ነው። የእነዋሪ ገበሬ መፍትሔ ለግቢም ይሠራል፤ ቦዩን መክፈት፣ መውጫ መስጠት።

ከገላን መሬት ብዙው ከእርሻ ወደ ቤት የተለወጠው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ነው። የትኛው ማሳ ላይ በሬ ይሰምጥ እንደነበር፣ የቱ ጋ ጤፍ፣ የቱ ጋ ጓያ ይዘራ እንደነበር የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። ብዙዎቹ አርጅተዋል። የሚያውቁትን የጠየቃቸው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ካርታው ላይም ስፋትና ወሰን እንጂ ይህ አልተጻፈም። ሌላ ሲኖ ገረጋንቲ ከመታዘዙ በፊት፣ ከነዚህ አባቶች አንዱን በበጋ፣ ስንጥቁ አፉን በከፈተበት ጊዜ፣ ወደ ግቢው ጋብዞ “እዚህ ጋ ምን ነበር?” ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚሰጡትንም መልስ ከቤቱ ፕላን ጋር ጽፎ ማስቀመጥ።